ቻርጅ ማለት ክስ ብቻ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም መግቢያ ላይ ፎቶ ኮፒና ኮምፒውተር ጽሕፈት ምሰራበት ትንሽ ሱቅ አለችኝ፣ ጋዜጣችሁንም በየሳምንቱ እየገዛሁ ተራ ሚጠብቅ ደንበኛ እንዲያነበው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ። ዛሬ ምጽፍላችሁ ስለ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ነው፣ ቻርጅ ስለምትባለው። ለአንድ ቃል ብሎ ደብዳቤ ይጻፋል ወይ ምትሉ ካላችሁ እባካችሁ ታገሱኝ፣ ምክንያቱም በዚች ቃል የተነሳ አንድ የሰፈራችን ልጅ ስራውን ሊያጣ ምንም አልቀረውም ነበር።

ልጁ ኮሌጅ ከጨረሰ በኋላ ስንት ጊዜ እኔ ጋ ሲቪ ሲያሳትም ቆይቶ በመጨረሻ ገላን በኩል አንድ መጋዘን ተቀጠረ፣ ሰፈሩ ሁሉ ደስ አለው። በሁለተኛው ወር ግን ደብዳቤ ደረሰው፣ ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ። "ዩ አር ሂርባይ ቻርጅድ ዊዝ ዘ ሴፍኪፒንግ ኦፍ ዘ ስቶር" ይላል። ስልኩ ላይ ባለው መዝገበ ቃላት ቻርጅ ሚለውን ሲፈልግ "ከሰሰ" አለው፣ ስቶር ያው መጋዘን ነው፣ በቃ እቃ ጠፍቶ እኔን ከሰሱኝ ብሎ ደመደመና ሁለት ቀን ሙሉ ስራ ሳይገባ፣ ምግብም በቅጡ ሳይበላ ተኛ። በሶስተኛው ቀን እናቱ ደብዳቤውን በነጠላቸው ደብቀው መጡና "ልጄን ከሰሱብኝ፣ ጠበቃ ጋ ስለምሄድ ሁለት ኮፒ አድርጊልኝ" አሉኝ፣ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። አነበብኩት። ክስ ሚባል ነገር የለበትም፣ እንዲያውም መጋዘኑን እንድትጠብቅ ሃላፊነት ሰጥተንሃል፣ ቁልፉን ተረከብ ነው ሚለው። ልጁ በዛው ሰአት እየሮጠ ሄደ። ስራው ተረፈለት፣ ያለ ፈቃድ ለቀረበት ሁለት ቀን ግን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጠው፣ እሱም በእንግሊዝኛ ነው። ደብዳቤ ጻፊውም አንባቢውም አማርኛ ወይ ኦሮምኛ በሚናገሩበት ቤት ለምን በእንግሊዝኛ እንደሚጻፍ እስካሁን አልገባኝም፣ በጣም ነው ሚያናድደኝ፣ ግን እሱ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ስለሚፈልግ ልለፈው።

ልጁ ሰነፍ አይደለም። መዝገበ ቃላቱም አልዋሸውም፣ ምክንያቱም "ቻርጅድ ዊዝ" ካለ በኋላ ቴፍት ሚል ከመጣ በእርግጥም በስርቆት ክስ ተመስርቶበታል ማለት ነው፣ ስራ ወይ ሃላፊነት ከተከተለው ደግሞ ያው "ቻርጅድ ዊዝ" አደራ ተሰጥቶታል ይሆናል። አንድ አይነት ቃል፣ አንድ አይነት ዊዝ፣ አንደኛው እስር ቤት ሌላኛው ቁልፍ ያዥ። ሚለያቸው ከኋላ ሚመጣው ነገር ብቻ ነው። እኛ ግን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የተማርነው በደብተር መሃል መስመር አስምረን በግራ እንግሊዝኛውን በቀኝ አማርኛውን አንድ ለአንድ እየጻፍን ስለሆነ ቃል ከነጓደኛው ሚሄድ ነገር መሆኑን ማንም አልነገረን።

የቃሏን ስር ሳውቅ ለኔ ብዙ ነገር ነው የተፈታልኝ። ቻርጅ እንግሊዝኛ ውስጥ የገባችው ከድሮ ፈረንሳይኛ ሲሆን ከዛ በፊት ላቲን ላይ ካሪካሬ ነበረች፣ ትርጉሙም ጋሪ ላይ መጫን። ካሩስ ማለት ጋሪ ነው፣ ካር ሚለውም ካርጎ ሚለውም ከዛው ቤት ናቸው፣ እናንተ ጋዜጣ ላይ ምታወጡት ካሪካቸር እንኳን በጣልያንኛው በኩል የነሱ ዘመድ ነው፣ የሰውየውን አፍንጫ ወይ ጆሮ ከልክ በላይ "ጭኖ" መሳል ማለት ስለሆነ። እንግዲህ "መጫን" ሚለውን ይዛችሁ ተመልከቱት። ሃላፊነት ስትጭንበት ቻርጅ ነው፣ ወንጀል ስትጭንበት ቻርጅ ነው፣ ሂሳብ ስትጭንበት ቻርጅ ነው። ስልካችን ላይ ኤሌክትሪክ ሲጫንም ቻርጅ ነው፣ አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1740ዎቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለ ኤሌክትሪክ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ቃሉን በዚህ መልኩ ተጠቅሞበታል፣ ባትሪ ሚለውንም አብረው ከሚተኩሱ መድፎች ስም ወስዶ ለኤሌክትሪክ ያዋለው እሱ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ጀነሬተር ያለው ሱቅ ፍለጋ "ቻርጅ አድርጉልኝ" እያለ ሚዞር የሰፈራችን ሰው ሁሉ ከሱ የመጣ አጠራር ነው ሚጠቀመው።

ደሞ አማርኛችን ለዚህ ሃሳብ እንግዳ አይደለም። እኛ አህያ እንጭናለን፣ ፈረስ ጫን ሲባል ኮርቻ አድርግለት ማለት ነው፣ ስራ ተጫነኝ እንላለን፣ እንቅልፍም ይጫነናል፣ እኔ ሱቅ ደግሞ ፍላሽ ይዞ መጥቶ "ፊልም ጫኚልኝ" ሚለኝ ልጅ በቀን ስንት ነው። አንዱ ግስ ይህን ሁሉ ሲሸከም ማናችንም አንደናገርም።

ጭነት ካለ ማራገፍ አለ፣ እሱ ዲስቻርጅ ነው። ከሆስፒታል ሚሰጥ ወረቀት ላይ "ዲስቻርጅ" ካለ በሽተኛው ወጥቷል ነው፣ ቁስል ላይ "ዲስቻርጅ" ከተጻፈ ግን ሚወጣው ፈሳሽ ወይ መግል ነው። ሁለቱም አንድ ወረቀት ላይ ተጽፈው አይቻለሁ፣ ያመጡት አባት የትኛው የትኛው እንደሆነ ቆመን እስክንለየው ድረስ ላብ በላብ ሆነው ነበር።

አሁን ወደናንተ ልምጣ። የውጭ ዜና ስትተረጉሙ አኪዩዝድ ሚለውም፣ ቻርጅድ ሚለውም፣ ስዩድ ሚለውም ሁሉም "ተከሰሰ" እየሆነ ነው ሚወጣው። ሶስቱ አንድ አይደሉም። አኪዩዝ ማንም ማንንም ሊያደርገው ይችላል፣ ጎረቤትም ባልም ሚስትም፣ ኦፍ ሚለውን ነው ሚያስከትለው። ቻርጅ በወንጀል ሲሆን መንግስት በህግ መንገድ ሚያደርገው ነው፣ ዊዝ ያስከትላል። ስዩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በገንዘብ በንብረት የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፣ እስር የለበትም። አማርኛው አልጠበበንም እኮ፣ ተወነጀለ አለ፣ የወንጀል ክስ ተመሰረተበት አለ፣ በፍትሐ ብሔር ከሰሰው አለ። ተራ ሚጠብቁ ደንበኞቼ አንድ ታዋቂ ሰው "ተከሰሰ" ሚል አንብበው "ታስሯል ማለት ነው" ሲባባሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ዋናውን ሳየው ግን ሰውየው በኮንትራት ነው የተካሰሰው። በሰው ስም ላይ ያለ ነገር ስለሆነ ይሄ ቀላል ስህተት አይመስለኝም። ጥሩ የሰራችሁትንም ልናገር፣ ሻርዤ ዳፌር ሚለውን የዲፕሎማት ማዕረግ ሁሌም "ጉዳይ ፈጻሚ" ብላችሁ ነው ምትጽፉት፣ ትክክል ነው። አምባሳደር በሌለበት ጉዳዩ "የተጫነበት" ሰው ማለት ነው፣ በ1961 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በወጣው የቬየና የዲፕሎማሲ ግንኙነት ስምምነት ላይም ከሚስዮን መሪዎች ሶስተኛው ደረጃ ነው።

የገንዘቡ በኩል ደግሞ ለኛ ሰፈር ሰው ምሳሌው ደጃፉ ላይ ነው። ወደ አዳማ በፈጣን መንገዱ ሚሄድ መኪና እዚሁ እኛ ጋ ቱሉ ዲምቱ በር ላይ ነው ሚገባው፣ ለመንገዱ ሚከፍለው ቶል ይባላል። በታክሲ ወይ በባስ ተሳፍረህ ለወያላው ምትሰጠው ግን ፌር ነው እንጂ ቶል አይደለም። ለትምህርት ቤት፣ ለጠበቃ፣ ለሃኪም ፊ ነው። ትራፊክ ሲቀጣህ ፋይን ነው። ሬስቶራንት ውስጥ ከ15 በመቶው ቫት ሌላ ሚጨመር ሰርቪስ ቻርጅ አለ። ቻርጅ ለአገልግሎት ሚጠየቅ ሂሳብ ሁሉ ጥላ ነው፣ ፕራይስ ግን እቃው ላይ የተለጠፈ ዋጋ ነው። "ፍሪ ኦፍ ቻርጅ" ካያችሁ በነጻ ነው፣ ከክስ ነጻ ማለት አይደለም፣ እንደዛ የተረጎመ ማስታወቂያ በአይኔ አይቻለሁ።

አንድ ልጨምርና ሌላውን ልተወው፣ ምክንያቱም እቺኛዋ በጣም ረቂቅ ናት። "ነርሷ ኢን ቻርጅ ኦፍ ዘ ቻይልድ ናት" ካልክ ልጁን ምትጠብቀው እሷ ናት። መሃል ላይ ዘ ጨምረህ "ልጁ ኢን ዘ ቻርጅ ኦፍ ዘ ነርስ ነው" ካልክ ደግሞ ተጠባቂው ከፊት መጣ። እቺ ትንሽ ዘ ብቻ ጠባቂና ተጠባቂን ታገላብጣለች። የቅጥር ደብዳቤ ላይ ማን ለማን ተጠሪ እንደሆነ በዚች ነው ሚታወቀው።

በኛ ቋንቋ ብታዩት ቆረጠ ሚለው ያው ነው። ስጋ ይቆረጣል፣ ትኬት ይቆረጣል፣ ደረሰኝ ይቆረጣል፣ የሰርግ ቀን ይቆረጣል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ተስፋ ይቆረጣል፣ ለመሄድ ቆረጠ ማለትም ወሰነ ማለት ነው። ለፈረንጅ "ቆረጠ ማለት በቢላ ነው" ብለን ብቻ ብንልከው አገሩ ምን ብሎ ይመለስ ነበር። ለዚህ ነው ቃል በአረፍተ ነገር ውስጥ ይታይ ምለው፣ አዲስ ሃሳብም አይደለም፣ የቋንቋ ምሁሩ ዎልፍ ሌስላው በ1973 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ያሳተሙት የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ለየቃሉ ከነአረፍተ ነገሩ ነው ሚያሳየው፣ ርዕሱም ላይ ይህንኑ ነው ያሉት።

ስለዚህ ምለምናችሁ ይሄን ነው፣ ከስፖርቱ ገጽ አጠገብ በየሳምንቱ ለአንድ ቃል ትንሽ ቦታ ስጡ። ትልልቅ ቃል አይደለም ምፈልገው፣ ሰው በየቀኑ ደብዳቤ ላይ ሚያገኛቸውን፣ ኢሹ፣ ዲዩ፣ ኖቲስ፣ ተርም፣ ባላንስ ሚባሉትን፣ እያንዳንዱ በሶስት አራት አረፍተ ነገር ከነተከታዩ ይውጣ፣ ልዩነቱም በአማርኛ ይብራራ። ክፍያ አልጠይቅም፣ ደንበኞቼ ጠይቀውኝ ደብተር ላይ እየመዘገብኩ ያቆየኋቸው አርባ ሁለት ቃላት አሉኝ፣ ስምና ድርጅት ሳይነሳ ከነጥያቄያቸው እልክላችኋለሁ። የልጁ እናት ደግሞ ጽሁፉ ከወጣ ጋዜጣውን አስቀምጪልኝ ብለውኛል፣ ግድግዳቸው ላይ ሊለጥፉት ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከቱሉ ዲምቱ