«አይላክ» የሚል ሰው ይሹሙልን

ይድረስ ለክቡር የጤና ሚኒስትር፣

ክቡር ሚኒስትር፣ እኔ የምሠራው የመድኃኒት መጋዘን ውስጥ ነው። ካርቶን እቆጥራለሁ፣ የአገልግሎት ማብቂያ ቀን አያለሁ፣ «ይህ ይግባ፣ ይህ ይመለስ» እላለሁ። ለሚኒስትር ደብዳቤ የሚያስጽፍ ሥራ አይመስልም። ነገር ግን የሆነ ቦታ ትልቅ የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ ቁጥር፣ እርዳታ የጫነ አውሮፕላን ሲራገፍ በዜና አያለሁ። ሰው ሁሉ «ተመስገን» ይላል። እኔን ግን ጭንቅ ይይዘኛል። ያንን ሁሉ ካርቶን ማን ሊከፍተው ነው?

ፍርሃቴ ከሜዳ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1988 መጨረሻ አርሜኒያ ውስጥ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ 25 ሺህ ገደማ ሰው አለቀ። ዓለም አዘነ፤ እጁንም ዘረጋ። ቢያንስ 5,000 ቶን መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ገባ። ምን ምን እንደገባ ለማወቅ ብቻ 50 ሰዎች ስድስት ወር ፈጀባቸው። 8 በመቶው ሲደርስ ጊዜው አልፎበት ነበር፤ 4 በመቶውን ውርጭ አበላሸው። ከተረፈው ውስጥ ምንነቱ ወዲያው የሚለየው 30 በመቶው ብቻ ነበር። አብዛኛው የተጻፈበት የንግድ ስም ብቻ ነበር።

ይህን ቁጥር ባሰብኩ ቁጥር ዓይኔ ላይ የሚመጡት እነዚያ 50 ሰዎች ናቸው። ቁስለኛ እያለ ግማሽ ዓመት ካርቶን ሲለዩ ኖሩ።

የእኔም ገጠመኝ በመጠኑ ያንን ይመስላል። አንድ ጊዜ ማናችንም በማናነበው ቋንቋ የተጻፈበት መድኃኒት በእርዳታ መጣልን። ለበሽተኛ መስጠት አይቻልም። መጣልም ያስፈራል። «ይመለስ» ለማለት ደግሞ የደፈረ አልነበረም፤ ስጦታ እንዴት ይመለሳል? መደርደሪያውን ሞልቶ ተቀመጠ። የምንፈልገው ግሉኮስ ቦታ አጥቶ ውጭ ፀሐይ መታው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1996 የመድኃኒት ስጦታ መመሪያ አውጥቷል። ተቀባዩ ሳይስማማ አይላክ፣ ሲደርስ ቢያንስ አንድ ዓመት ይቅረው፣ የመድኃኒቱ ሳይንሳዊ ስም በሚገባ ቋንቋ ይጻፍበት ይላል። ጥሩ መመሪያ ነው። ግን ወረቀት በር ላይ ቆሞ ጭነት አይመልስም። ሰው ነው የሚመልስ። ያውም ሥልጣን የተሰጠው፣ ነገ «ለምን መለስክ?» ተብሎ የማይወቀስ ሰው።

ክቡር ሚኒስትር፣ ስለ አንድ ነገር ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ይታገሡኝ። ከፍርስራሽ ሥር እግሩ ለሰዓታት የተጫነ ሰው በሕይወት ይገኛል። ያወራል። ውኃ ይጠይቃል። ድንጋዩ ሲነሳለት ሕዝቡ ያጨበጭባል። ከዚያ ሰውየው ይሞታል። ድንጋዩ ሲነሳ ከተጨፈለቀው ጡንቻ የሚወጣው ፖታሲየም ወደ ደም ገብቶ ልብን ሊያቆም ይችላል። ከዚያ ቢያመልጥ፣ የጡንቻው ፕሮቲን ኩላሊቱን ይጎዳበታል። ሐኪሞቹ ክረሽ ሲንድረም ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1999 ቱርክ ውስጥ ማርማራ አካባቢ በደረሰው መንቀጥቀጥ በዚህ ምክንያት ኩላሊታቸው የተጎዳ 639 ሰዎች ተመዝግበዋል። 477ቱ የኩላሊት እጥበት አስፈልጓቸዋል።

ቀዳሚው መከላከያ ኖርማል ሳላይን ነው። ከተቻለ ድንጋዩ ከመነሳቱ በፊት በደም ሥር ይጀመራል፤ ለአዋቂ በሰዓት አንድ ሊትር ገደማ። ፖታሲየም ያለበት ፈሳሽ ግን አይሰጥም። ልብ ይበሉ፣ ሳላይን ማለት ውኃና ጨው ነው። ከባድ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ፎቶ ላይም አያምርም። ከሩቅ አገር በአውሮፕላን ልጫነው ብሎ የሚጣደፍለት ብዙ አይደለም። ቢጫንስ መቼ ሊደርስ? የተቀበረ ሰው ዕድሜው በሰዓት ነው የሚቆጠረው፤ የሚያወጣውም በአብዛኛው ጎረቤቱ ነው። ስለዚህ ሳላይኑ አስቀድሞ ቅርብ ቦታ መቀመጥ አለበት። አንድ ማዕከላዊ መጋዘን ውስጥ ብቻ ከሆነ፣ መንገዱ ሲቆረጥ እዚያው ይቀራል።

ወደ አውሮፕላኑ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በጥር 2010 ሄይቲ ስትመታ ዋና ከተማዋ የነበራት አውሮፕላን ማረፊያ ባለ አንድ ማኮብኮቢያ ነበር። የድንበር የለሽ ሐኪሞች አውሮፕላን 12 ቶን የሕክምና ዕቃ ጭኖ ሦስት ጊዜ እንዳያርፍ ተደረገ። መሬት ላይ የነበሩት ሐኪሞቻቸው እግርና እጅ መቁረጡን ለመቀጠል ከገበያ መጋዝ ገዙ። ሰማዩ በአውሮፕላን ተጨናንቆ ሐኪም መጋዝ ይገዛል! ማን ቀድሞ ይረፍ የሚለውን የሕክምና ሰው ካልወሰነው፣ ሌላ ሰው ይወስነዋል።

ኔፓልም ካትማንዱ ላይ የነበራት አንድ ማኮብኮቢያ ነው። ነገር ግን መንቀጥቀጡ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 25 ቀን 2015 ከመድረሱ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ እዚያው አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ እርዳታ የሚራገፍበትና የሚለይበት ግቢ ተከፍቶ ነበር። ችግሩን ሁሉ አልፈታም፤ የተራራ መንደሮች ዕቃ በሰው ጀርባ ነው የደረሳቸው። ቢሆንም «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» ከመባባል ተርፈዋል።

ቡድኖችንም በተመለከተ እንዲሁ ነው። ከሄይቲ ትምህርት በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 የውጭ የሕክምና ቡድኖችን በደረጃ ከፍሏል። ለምሳሌ ሁለተኛ ደረጃ ነኝ የሚል ቢያንስ 20 አልጋ ይዞ በቀን 7 ከባድ ቀዶ ሕክምና መሥራት መቻል አለበት። ምግቡን፣ ውኃውንና መብራቱን ራሱ ይዞ ይመጣል። ይህን የማያሟላ ቡድን ከመነሳቱ በፊት በትህትና «ይቅርብዎ» ይባል። ጉዳተኛው ያጣውን ውኃ የሚሻማ እንግዳ አያስፈልገንም።

የሚመጡትም ቢሆኑ ቀናት አልፈው ነው የሚደርሱት። ያኔ ደግሞ ሌላ በሽተኛ ይጠብቃቸዋል። ምጥ የያዛት አለች። ኢንሱሊኑ ፍርስራሽ ውስጥ የቀረበት አለ። ቁስሉ ቆሽሾ መንጋጋ ቆልፍ የሚያሰጋው አለ። የእርዳታ ጥሪው ቀኑን ተከትሎ ካልተቀየረ፣ በሁለተኛው ሳምንትም የመጀመሪያው ቀን ዕቃ ሲመጣ ይኖራል።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። አንድ ሰው ይሹሙ፤ በስም የሚታወቅ፣ ስልኩ ሌሊትም የሚነሳ። ጉምሩክና አውሮፕላን ማረፊያው ቃሉን እንዲሰሙ ከአሁኑ በጽሑፍ ይታዘዙ። «ይህ ይቅደም፣ ይህ ይቆይ፣ ይህ አይላክ» የማለት ሥልጣን ይኑረው። ተቆጥቶ የሚደውል ለጋሽ መኖሩ አይቀርም። ያንን ስልክ እርስዎ ያንሱለት።

የማይላኩ ነገሮችን ዝርዝር እኔ ረቂቁን ጽፌ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። አንድ ገጽ አትሞላም። የሚቀራት በሌሎች ቋንቋዎች መተርጎምና የእርስዎ ፊርማ ነው።

አክባሪዎ፣
አንድ የመድኃኒት መጋዘን ሠራተኛ