ከፍርስራሹ በፊት ቁጥሩ ይቅደም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ተማሪዎችን በሜክሲኮና በመካከለኛው አሜሪካ ወደሚገኙ ጥንታዊ የማያ ሕዝብ ከተሞች ስለሚወስዱ የትምህርት ጉዞዎች ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ፣ የሒሳብ መምህር እንደመሆኔ፣ አንድ እርማትና አንድ ቅሬታ አለኝ።

ጽሑፉ ማያዎች «በሃያ ይቆጥሩ ነበር» ብሎ አልፏል። በእርግጥ በጥራዞቻቸው ውስጥ ነጥብ አንድ፣ አግድም መስመር አምስት፣ ዛጎል ደግሞ ዜሮ ሆነው ከታች ወደ ላይ ይደረደራሉ፤ ከዛጎል በላይ የተቀመጠች አንዲት ነጥብም ሃያ ናት። ዘመን ሲቆጥሩ ግን ከታች ሦስተኛው ቤት 400 (ሃያ ጊዜ ሃያ) ሳይሆን 360 ነው፤ ቁጥሩ ከዓመቱ ቀናት ጋር እንዲቀራረብ ሃያውን በ18 ያባዙታል፣ ከዚያ በኋላ እንደገና በሃያ እያባዙ ወደ 7,200 እና ወደ 144,000 ቀን ይወጣሉ። ይህን ሳያውቅ በጓቴማላው ኪሪጓ ዘመን በተቀረጸባቸው ሐውልቶች ፊት የሚቆም ተማሪ የሚያየው ጌጥ ብቻ ነው።

ቅሬታዬ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በሜክሲኮ ዩካታን የምትገኘውን የማያ ከተማ ቺቼን ኢትዛን በጎበኘሁ ጊዜ አስጎብኚያችን ከትልቁ ፒራሚድ ሥር አቁሞ አስጨበጨበን፤ ማሚቶው እንደ ቀጭን የወፍ ጩኸት ሲመለስ ልጆቹ ሳቁ፣ እኛም ወዲያው ወደ መታሰቢያ ዕቃ ሻጮቹ ተነዳን። በየጎኑ 91 ደረጃ መኖሩን፣ የአራቱ ጎኖች ድምር ከላይኛው መድረክ ጋር 365 መሆኑን ማንም አልነገራቸውም። መውጣት ቢከለከልም ከታች ሆኖ መቁጠር አልተከለከለም! በመጋቢትና በመስከረም፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን፣ በደረጃው ጠርዝ ላይ የሚወርደው የእባብ ጥላም ቢሆን ከዕለቱ በፊትና በኋላ ለቀናት ስለሚታይ በዚያች ቀን ብቻ መጋፋት አያስፈልግም።

ለእኔ ከጥላው የሚበልጠው የአጥቢያ ኮከብ (የቬነስ) ስሌት ነው። እ.ኤ.አ. በ1562 እስፓኛዊው መነኩሴ ዲዬጎ ዴ ላንዳ በዩካታን ማኒ ካስፈጸመው የመጻሕፍት ቃጠሎና ከመሰል ጥፋቶች የተረፉት የማያ ጥራዞች በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ ዛሬ ጀርመን ድሬስደን የሚገኘው የኮከቡን አንድ ዙር 584 ቀን አድርጎ ይመዘግባል። አምስት ዙር 2,920 ቀን ነው፤ ስምንት ጊዜ 365ም እንዲሁ። ይህን ማባዛት አስቀድሞ በእጁ የሠራ ተማሪ በቺቼን ኢትዛ ኤል ካራኮል ከተባለው ክብ ግንብ ሲደርስ፣ ተመራማሪዎች መስኮቶቹን ለምን ከዚህ ኮከብ ጋር እንደሚያያይዟቸው ለመጠየቅ አስጎብኚ አይጠብቅም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ የጉዞ መርሐ ግብር ስታትሙ፣ ከበረራው በፊት ባቄላ ለነጥብ፣ የክብሪት እንጨት ለመስመር ተይዞ የሚሰጥ የአንድ ሳምንት የቁጥር ትምህርት መኖር አለመኖሩን አዘጋጆቹን ጠይቁልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሒሳብ መምህር