ያ የከተራ ሌሊት ጥያቄህ

ሙሉቀን ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አራት ዓመት ሙሉ የጠፋሁት እኔ ነኝ። "ነገ እደውላለሁ" እያልኩ ዓመቱን ጨረስኩት። ይቅር በለኝ።

ዘንድሮም ለከተራ ፋሲል መዋኛ አደርኩ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ብርዱ አጥንት ይሰረስራል። አንድ ጋቢ ለሁለት ለብሰን ያደርንበት ግንብ ሥር ስቀመጥ ጥያቄህ ትዝ አለኝ። "ሙቀት በመያዝ የውሃ ተን ከካርቦን ይበልጣል ካላችሁ፣ ለምድር መሞቅ ለምን ካርቦኑን ትከሳላችሁ?" ብለኸኝ ነበር። ያኔ ተቆጣሁ እንጂ አልመለስኩልህም።

እውነትህን ነው፣ ተኑ ይበልጣል። እዚሁ ጎንደር እናየው የለ? በጥር አየሩ ደርቆ ሰማዩ ሲጠራ ሌሊቱ ይቆረጥማል፤ አየሩ እርጥበት ካለው ሞቅ ብሎ ያድራል። ልክ እንደ ጋቢው ነው። ጋቢ የራሱ ሙቀት የለውም፤ ያንተኑ ይዞ ያቆይልሃል።

ግን ተን አየር ላይ አይሰነብትም። አስር ቀን ገደማ ቆይቶ ዝናብ ሆኖ ይወርዳል። መጠኑን የሚወስነው ሙቀቱ ነው፤ አየሩ 1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ ተን መሸከም ይችላል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን እንዲህ ዘንቦ አያልቅም። ዛሬ ከለቀቅነው ቀላል የማይባለው ክፍል ለመቶዎች ዓመታት ይቆያል። ፋብሪካ ሳይስፋፋ ከሚሊዮን የአየር ቅንጣት 280 ነበር፤ አሁን 420 አልፏል። ስለዚህ ገፊው ካርቦኑ ነው፤ ተኑ ተከትሎ ያባብሰዋል። ግብረ መልስ የሚሉት ይህን ነው። ካርቦኑ እጥፍ ቢሆን ብቻውን የሚያመጣው ሙቀት ከ1 ዲግሪ እምብዛም አይበልጥም። ተኑ፣ የሚቀልጠው በረዶና ደመናው ሲጨመሩበት ግን ወደ 3 ይጠጋል።

እኔን ያሳመነኝ የፒናቱቦ ነገር ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. ፊሊፒንስ ውስጥ ይህ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የሰልፈር ጭጋጉ ዓለምን አዳረሰ። የፀሐይ ብርሃን ቀነሰ፣ ምድርም ግማሽ ዲግሪ ገደማ ቀዘቀዘች። በሳተላይት ሲለካ ተኑም አብሮ ቀንሶ ተገኘ። ሙቀቱ ሲወርድ ተኑ ተከትሎት ወረደ ማለት ነው። መሪው ተኑ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይከተልም ነበር።

ይህንን ያኔ ብነግርህ ኖሮ እንዲያ ተኮራርፈን ባልተለያየን።

ለሚመጣው ጥምቀት ና። እናቴም "ያ ልጅ የት ገባ?" ማለቷን አልተወችም። ጋቢው አሁንም አለ።

ወንድምህ፣ ከጎንደር