ኮምፒውተር በሕጋችሁ ምንድን ነው? ለአሜሪካ የፓተንት ቢሮ ግልጽ ደብዳቤ

ለአሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት ቢሮ ዳይሬክተር

ክቡር ሆይ፣

መሥሪያ ቤትዎ በየቀኑ “ፕሮሰሰር”፣ “ሜሞሪ”፣ “ኮምፒውተር” የሚሉ ቃላት የበዙባቸው ማመልከቻዎች ይመረምራል። ለመሆኑ ለፈጠራ ብቸኛ መብት በሚሰጠው በፓተንት ሕጉ ኮምፒውተር ማለት ምንድን ነው?

ሕጉን ገልጦ ያየ ሰው መልሱን አያገኝም። የ1952ቱ የፓተንት ሕግ በክፍል 101 ላይ ፓተንት የሚሰጠው ለሂደት፣ ለማሽን፣ ለተመረተ ዕቃ ወይም ለቁስ ውህድ ነው ይላል። ማሽን ምን እንደሆነ አይተረጉምም። ኮምፒውተርንማ ስሙንም አያነሳ። የሚገርመው፣ የወንጀል ሕጉ ተርጉሞታል። የኮምፒውተር ማጭበርበርን የሚቀጣው ሕግ መረጃን በከፍተኛ ፍጥነት የሚያቀናብር መሣሪያ ነው ካለ በኋላ፣ አውቶማቲክ የጽሕፈት መኪናና በእጅ የሚያዝ ካልኩሌተር አይቆጠሩም እስከማለት ደርሷል። ሰው ለማሰር ትርጉም ካስፈለገ፣ ማመልከቻ ከገባበት ቀን አንስቶ ለ20 ዓመት የሚዘልቅ ብቸኛ መብት ለመስጠት እንዴት ሳያስፈልግ ቀረ?

ክፍተቱን ፍርድ ቤቶች ሞልተውታል። ችግሩ፣ በአንድ ትርጉም አልሞሉትም።

በ1972 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የቤንሰንን ጉዳይ ሲያይ የቀረበለት ነገር ትንሽ ነበር። 53ን እንውሰድ። እያንዳንዱን አኃዝ ለብቻው ወደ ሁለትዮሽ ቢቀይሩት 0101 0011 ይሆናል። ቁጥሩን እንዳለ ቢቀይሩት ደግሞ 110101 ነው። አመልካቾቹ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ለሚወስደው መንገድ ፓተንት ጠየቁ። ይህን ስሌት እርሳስና ወረቀት ያለው ሰው ሊሠራው ይችላል። ካቀረቧቸው ሁለት ጥያቄዎች አንዱ ሺፍት ሬጅስተር የሚባል የኮምፒውተር ክፍል በስም ጠርቶ ነበር። አላዳነውም። ፍርድ ቤቱ ሁለቱንም ጣላቸው፤ ቢፈቀድ አልጎሪዝሙን፣ ማለትም የስሌቱን ደረጃዎች፣ ራሱን ለአንድ ሰው መስጠት ነው ብሎ።

በ1994 ነገሩ ተገለበጠ። የአላፓት ጉዳይ የኤሌክትሪክ ምልክትን በሞገድ መልክ ስለሚያሳየው መሣሪያ፣ ስለ ኦሲሎስኮፕ ነው። ስክሪኑ ላይ የተቆራረጠ የሚመስለው ሞገድ፣ የእያንዳንዱ ነጥብ ድምቀት እየተሰላ ለዓይን ለስላሳ እንዲሆን ማድረግ። የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤቱ ተራ ኮምፒውተር ፕሮግራም ሲጫንበት አዲስ ማሽን ይሆናል አለ። ልብ ይበሉ፣ አዲስ ማሽን! አንዱ ዳኛ በተቃውሞ ሐሳባቸው፣ ራሱን በራሱ የሚጫወት ፒያኖ ዜማ ስለቀየረ ሌላ ማሽን አይሆንም ብለው ሞገቱ። እኔ በእሳቸው ወገን ነኝ። የሒሳብ ሊቁ አላን ቱሪንግ በ1936 ያሳየን ይህንኑ ነው፦ መመሪያ ከተሰጠው የሌላውን ማሽን ሥራ ሁሉ መሥራት የሚችል አንድ ማሽን ሊኖር ይችላል። ኮምፒውተርን ኮምፒውተር ያደረገው ይህ ነው። ፕሮግራም በተጫነ ቁጥር አዲስ ማሽን ተወለደ ከተባለ፣ ስልኬ ጠዋት ከተነሳሁ ጀምሮ ስንት ማሽን ሆኖ ዋለ?

ከዚያ 2014 መጣ። በአሊስ ውሳኔ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ በገንዘብ ልውውጥ መሐል አገናኝ ሦስተኛ ወገን ሆኖ የመቆምን የቆየ ሐሳብ “በኮምፒውተር ላይ ሥሩት” ማለት ብቻውን ምንም አይጨምርም አለ። አዲስ የተባለው ማሽን እንደገና ተራ ዕቃ ሆነ።

ሦስተኛው ትርጉም ደግሞ ብዙ ሰው የማያየው ጥግ ውስጥ አለ። አመልካች የፈጠራውን ክፍል በሚሠራው ሥራ ብቻ ከጠራው፣ ክፍል 112 አካሉን አሳየኝ ይለዋል። በ1999 ስለ ቁማር ማሽን በተሰጠ ውሳኔ፣ አካሉ ኮምፒውተሩ ብቻውን ሳይሆን የተገለጸውን አልጎሪዝም እንዲሠራ የተዘጋጀው ኮምፒውተር ነው ተባለ። እንግዲህ ይታይዎት። በክፍል 101 አልጎሪዝሙ ፓተንት የማይሰጠው ረቂቅ ሐሳብ ነው። በክፍል 112 ያው አልጎሪዝም የማሽኑ አካል ነው። አንድ መርማሪ አንዱን ማመልከቻ ይዞ፣ ገጽ በገለጠ ቁጥር ኮምፒውተሩ ይለዋወጥበታል። አመልካቹም ጠበቃው በደንብ የሚጽፍለት ከሆነ ያልፋል፤ ካልሆነ ይወድቃል።

ሁሉም ጨለማ ነው እያልኩ አይደለም። በ1981 የዲየር ጉዳይ ጎማ የሚጋገርበትን ጊዜ ኮምፒውተር እያሰላ ቅርጽ ማውጫውን ሲከፍት ተፈቅዷል፤ ውጤቱ ጎማው ላይ ይታያላ። በ2016 የኤንፊሽ ውሳኔ የዳታቤዝ ሠንጠረዥ አሠራር የኮምፒውተሩን የራሱን ሥራ ስላሻሻለ አልፏል። በ2025 ደግሞ የቢሮዎ የይግባኝ ፓነል፣ አዲስ ሥራ ሲማር የቀድሞውን እንዳይረሳ ስለተደረገ የማሽን ለርኒንግ (ከመረጃ የሚማር) ሞዴል በዚሁ መንገድ ወስኗል። ጥሩ ነው። ግን ሞዴሉ ኮምፒውተር ነው ወይስ ፕሮግራም? በ2024 የእንግሊዝ ይግባኝ ፍርድ ቤት ይህን ጥያቄ ፊት ለፊት ገጥሞታል። ኮምፒውተር መረጃ የሚያቀናብር ማሽን ነው፣ የነርቭ መረብ የሚባለው ሞዴል ክብደቶች፣ ማለትም ሲማር የሚስተካከሉት ቁጥሮች፣ ደግሞ ፕሮግራም ናቸው አለ። በመልሱ መስማማት ግድ አይደለም። ቢያንስ ምን ላይ እንደምንከራከር ይታወቃል።

ፍርድ ቤትን መሻር እንደማይችሉ አውቃለሁ። የመርማሪዎች መመሪያ ግን በእጅዎ ነው። እዚያ ውስጥ አንድ አንቀጽ ይጻፉልን። ኮምፒውተር በተሰጠው መመሪያ መረጃ የሚያቀናብር ማሽን ነው፣ መመሪያው ሲቀየርም ያው ማሽን ነው ይበል። ከዚያ መርማሪው አንድ ነገር ይጠይቅ፦ ይህ መመሪያ ምን ቀየረ? ሜሞሪ ቆጠበ? ፍጥነት ጨመረ? እንደ ጎማው ከማሽኑ ውጭ ያለ ነገር ለወጠ? “ፕሮሰሰርና ሜሞሪ ያለው” የሚለው ሐረግ ብቻውን መልስ ሆኖ አይቆጠር። ሥራውን በኮምፒውተር እሠራለሁ የሚል ሁሉም፣ ቃሉን እንዴትም ያሳምረው፣ ደረጃዎቹን አንድ በአንድ ይጻፍ።

ረቂቁን ከማጽደቅዎ በፊት ለሕዝብ አስተያየት ክፍት ያድርጉት። ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎችም ከጠበቆቹ እኩል እንዲናገሩ ጥሪ ይድረሳቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሶፍትዌር ባለሙያ