ደብዳቤ ለልጄ፦ ቶም ሀበሻ ቢሆን ኖሮ

ሚጡዬ፣

ይሄን በአማርኛ የምጽፍልሽ ሆን ብዬ ነው። በእንግሊዝኛ ሳወራ ግማሹ ሐሳቤ መንገድ ላይ እንደሚቀር ታውቂያለሽ። ፊደል ቆጥረሻል፣ ቀስ ብለሽ አንብቢው። የከበደሽ ካለ እናትሽ ታነብልሻለች፤ እሷ ፊት መዋረዴ አይቀርም፣ ምን ይደረግ።

ማክሰኞ ማታ ያልኩሽ ነገር ውስጤን ሲበላኝ ሰነበተ። ቲቸርሽ ኢሜይል ጻፉልኝ፦ መጽሐፉ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ከክላስ ተነስታ ወጣች፣ ከዚያ ኤሴይዋ ላይ «አቲከስ የኔ ጀግና አይደለም» ብላ ጻፈች የሚል። ምን ሆነሽ እንደወጣሽ እንኳ ሳልጠይቅ ጮህኩብሽ። «ሰው አገር ነን፣ አንገትሽን ደፍተሽ ተማሪ» አልኩሽ። እሱም አልበቃኝ ብሎ «ደግሞ አንቺ ምን አገባሽ፣ አንቺ ሀበሻ ነሽ» አልኩ። አንቺ አልጮህሽም። የበላሽበትን ሳህን አጥበሽ ደፋሽና፣ እጅሽን እየጠረግሽ፣ «ባባ፣ ቶም ሮቢንሰን ሀበሻ ቢሆን ኖሮ ይለቁት ነበር?» ብለሽኝ ወደ ክፍልሽ ገባሽ።

መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቶም ሮቢንሰን ማን እንደሆነም አላውቅም ነበር።

መጽሐፉን ለካ ጠረጴዛው ላይ ትተሽው ኖሯል። «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ»፣ ደራሲዋ ሃርፐር ሊ። በየገጹ ቢጫ ወረቀት ለጥፈሽበታል፣ ዳር ዳሩን በእርሳስ ጽፈሽበታል። ይዤው ወጣሁ። ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ የታክሲዋን መብራት አብርቼ፣ ያላወቅኩትን ቃል ስልኬ ላይ እየፈለግኩ አነበብኩት፣ ጠዋት ጠዋት እንዳትነቂብኝ ቦታው እመልሰዋለሁ፣ እንዲህ እያልኩ አምስት ሌሊት ፈጀብኝ። ወረፋው ሲንቀሳቀስ ሳላይ ቀርቼ ከኋላዬ ያሉት ሾፌሮች ሁለት ጊዜ ክላክስ አድርገውብኛል።

ታሪኩን አንቺ ታውቂዋለሽ። አላባማ ውስጥ፣ በ1930ዎቹ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ፣ እንዳይምታታብሽ)፣ አንዲት ነጭ ልጅ ቶም ሮቢንሰን የሚባል ጥቁር ሰው ደፈረኝ ትላለች፣ አቲከስ የሚባል ነጭ ጠበቃ ይቆምለታል፣ ትንሿ ልጁ ስካውት ታወራልናለች። ስለዚህ ታሪኩን ልተወውና እኔ የቆምኩበትን ቦታ ልንገርሽ።

ቶም ግራ እጁ አይሠራም። ልጅ ሳለ የጥጥ መዳመጫ ማሽን ውስጥ ገብቶበት ነው። ልጅቷ የተመታችው ደግሞ በቀኝ ፊቷ በኩል ነው፣ ፊት ለፊት ቆሞ እንደዚያ የሚመታ ሰው ግራኝ መሆን አለበት። ይሄን ሁሉም ሰው ያያል፣ ለመፍረድ ጁሪው ላይ የተቀመጡት ሰዎችም ያያሉ። ቶምን የጨረሰው ግን ሌላ ነገር ነው። ለምን በነፃ ትሠራላት ነበር ብለው ሲጠይቁት «አሳዘነችኝ» አለ። በቃ። ጥቁር ሰው ለነጭ ሴት አዘነላት። እዚያ ጋ በእርሳስ «አበቃለት» ብለሽ ጽፈሻል። እኔም መጽሐፉን አጥፌ ትንሽ ተቀመጥኩ።

አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። አንቺ ገና አፀደ ሕፃናት እያለሽ ነው፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አንድ የሰከረ ሰው ጫንኩ። ቤቱ ስንደርስ መውረድ አቃተው። ብርድ ነበር፣ ሽማግሌ ቢጤ ነው፣ አሳዘነኝና በብብቱ ይዤ እስከ በሩ አደረስኩት። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቼ ስከፍትለት ዞር ብሎ አየኝና ያንን ጥቁር ሰው የሚሰደብበትን ቃል አለኝ፤ አንቺ ክላስ ውስጥ ጮክ ተብሎ ሲነበብ የሰማሽውን ቃል። ከየት አገር እንደመጣሁ አልጠየቀኝም። ቆሜ ሀበሻ ነኝ ብዬ ላስረዳው እንዴ? ገንዘቡንም ሳልቀበል ተመለስኩ። ለእናትሽ እንኳ አልነገርኳትም። የጠየቅሽኝን ጥያቄ መልስ እንግዲህ ድሮም አውቀው ነበር። አይለቁትም።

ካልፐርኒያ ጋ ስደርስ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣብኝ። የነስካውት ሠራተኛ ናት፣ ልጆቹን ይዛ ወደ ራሷ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድበት ምዕራፍ አለ። የመዝሙር መጽሐፍ የላቸውም፣ ማንበብ የሚችለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ልጇ ዚቦ ተነስቶ አንድ ስንኝ ያነባል፣ ሕዝቡ በዜማ ይቀበለዋል፤ ሁለተኛውን ያነባል፣ ይቀበሉታል። እንዴ! ይሄማ የኛ ነው አልኩ። ሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር አውጪው ሲያወጣ እየተቀበልን አይደል እንዴ ያደግነው? አንቺም እሑድ እሑድ ግማሹ ቃል ሳይገባሽ ትቀበያለሽ እኮ፣ አያለሁ። ከዚያ ካልፐርኒያ እዚያ ስትደርስ አነጋገሯ ይቀየራል፣ ስካውት ትገረማለች፣ ለምን ሁለት ዓይነት ታወሪያለሽ ትላታለች። ከአያትሽ ጋር በስልክ ስታወሪ ድምፅሽ እንዴት እንደሚቀጥን ሰምተሽው ታውቂያለሽ? እኔም ተሳፋሪ ስጭን ሌላ ሰው ነኝ።

ጣጣው ግን ይሄ አይደለም። ልጆቹ የካልፐርኒያን ዕድሜ ይጠይቃሉ። የተወለደችበትን ቀን በትክክል አታውቀውም፣ ለማስታወስ ስለሚቀላት በገና ቀን ታከብረዋለች።

እናቴ ቤትም አንዲት ሴት ነበረች። ከሩቅ አገር የመጣች፣ ከኛ ጠቆር የምትል። ያጠበችኝ፣ ያጎረሰችኝ፣ ጀርባዋ ላይ አዝላ ያስተኛችኝ እሷ ናት። የምንጠራት እኛ ቤት በወጣላት ስም ነበር፣ የአባቷን ስም እስከ ዛሬ አላውቀውም። ጎረቤት ከእኛ ጋር የተጣላ ቀን በአጥር ላይ «ባሪያ» ይላታል። እናቴ ታዲያ ወጥታ ትቆጣለች፣ ግን ቁጣዋ «እኛ ቤት ያለችን ሰው እንዴት» የሚል ነበር፣ ቃሉን አልነበረም የምትቆጣው። ባርነት እኮ በአገራችን በ1942 በአዋጅ ተከልክሏል። ቃሉ ግን እኔ ኳስ ስጫወት ሰፈር ውስጥ ነበር፣ አሁንም የትም አልሄደም። ያቺን ሴት መቼ ተወለድሽ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። እነስካውት እንኳ ጠይቀዋል፣ ልጆች ሆነው። «አንቺ ሀበሻ ነሽ» ያልኩሽን ከየት እንዳመጣሁት አሁን ገባኝ። ከዚያ አጥር ሥር ነው ያመጣሁት። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ወደ ኤሴይሽ ልምጣ። አነበብኩት፣ እናትሽ ነች የሰጠችኝ። ልጁ ሁሉ አቲከስን ሲያደንቅ አንቺ ስለ ሄለን ጻፍሽ፣ ስለ ቶም ሚስት። ባሏ ከታሰረ በኋላ ሥራ የሚሰጣት ጠፋ። መሞቱን ሊነግሯት ሲመጡ አፈሩ ላይ ወደቀች። ቶምን ስንት ጥይት እንደመታው መጽሐፉ ቆጥሮ ይነግረናል፣ 17። ሄለን ከዚያ በኋላ ምን እንዳለች ግን ከራሷ አፍ አንሰማም። «ለምን ማንም አይጠይቃትም?» ብለሻል ዳሩ ላይ፣ ሁለት ጊዜ አስምረሽበት። ይሄን የጻፈች ልጅ ናት እንግዲህ አንገትሽን ድፊ የተባለችው።

እናትሽ ሌላም ነገር ነገረችኝ። ያ ቃል ሲነበብ ልጆቹ አንድ በአንድ ዞረው እንዳዩሽ፣ ቲቸርሽም «አንቺስ ምን ተሰማሽ?» እንዳሉሽ። ክፋት አስበው አይመስለኝም። ግን የቶም ዘመድ አይደለሽ፣ ምስክር አይደለሽ፣ ገና የ15 ዓመት ልጅ ነሽ፤ ስለ አንድ ሕዝብ መልስ ስጪ ሲሉሽ ተነስተሽ መውጣትሽ ምኑ ነው ጥፋቱ? ይሄንኑ ጽፌላቸዋለሁ። እንግሊዝኛዬን ሳላሳምር፣ እንዳለ።

አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማሽም። መጽሐፉ ከትምህርት ቤት ይውጣ ብለሻል። ይሄን ያልሽው አንቺ ብቻ እንዳልሆንሽ ታውቂያለሽ? በ1966 እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ሪችመንድ አጠገብ፣ ሃኖቨር ካውንቲ የትምህርት ቦርዱ «ብልግና ነው» ብሎ አግዶት ነበር። የቶም ነገር ከንክኗቸው እንዳይመስልሽ። ሃርፐር ሊ ለሪችመንድ ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈች፣ አብራም ትንሽ ገንዘብ ላከች፣ የቦርዱን ሰዎች አንደኛ ክፍል ማስመዝገቢያ ይሁን ብላ። ታክሲ ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ። በ2017 ደግሞ ሚሲሲፒ ውስጥ ቢሎክሲ ላይ ከስምንተኛ ክፍል ትምህርት አወጡት፣ ቋንቋው ሰው ይረብሻል ብለው። ካልረበሸማ ምን ሊሠራ ይነበባል? አንቺን የጎዳሽ ክላሱ ሙሉ ተቀምጦ ብቻሽን መረበሽሽ ይመስለኛል።

ለአቲከስም ትንሽ ልከራከርለት። ሰዎች ቶምን ሊገድሉት ሲመጡ፣ እስር ቤቱ በር ላይ ወንበር አስቀምጦ፣ አምፖል ከሩቅ በገመድ ስቦ፣ ጋዜጣ እያነበበ ይጠብቃቸዋል። መሣሪያ የለውም። አባት ሆኜ ያንን ገጽ ሳነብ ቀናሁበት። ጀግና አትበይው እሺ፣ ግን ወንበሩን አትርሺበት።

ደግሞ እኔ የተቆጨሁበት ነገር አቲከስ ራሱ አይደለም። ሌላ ጠበቃ እንዳልነበረ አድርጋችሁ መማራችሁ ነው። ቶም ልብ ወለድ ነው፣ ስኮትስቦሮ ግን እውነት ነው። አላባማ፣ 1931። ዘጠኝ ጥቁር ልጆች፣ ትንሹ 13 ዓመቱ፣ ባቡር ላይ ሁለት ነጭ ሴቶችን ደፈራችሁ ተብለው ስምንቱ ሞት ተፈረደባቸው። በ1933 የአንዱ ልጅ ጉዳይ እንደገና ሲታይ ከሴቶቹ አንዷ ራሷ ፍርድ ቤት ቀርባ ውሸት ነው አለች፣ ጁሪው ግን ጥፋተኛ ነው አለ። አልተገደሉም፣ ግን ዓመታቸውን እስር ቤት በላው። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ምህረት የተደረገላቸው በ2013 ነው፣ ከሞቱ ከብዙ ዘመን በኋላ።

ያ ሌላ ጠበቃ ያልኩሽ ደግሞ፣ የስኮትስቦሮ ሳይሆን የሌላ ጉዳይ፣ የት ተገኘ መሰለሽ፣ እኛው ከተማ። እዚሁ አሌክሳንድሪያ፣ ኩዊን ስትሪት ላይ ያለውን ላይብረሪ ታውቂዋለሽ አይደል፣ በሳምንት አሥር ጊዜ በታክሲ አልፈዋለሁ። በ1939 ጥቁር አይገባበትም ነበር። ሳሙኤል ታከር የሚባል የ26 ዓመት ጥቁር ጠበቃ ነበረ፣ የሕግ ትምህርት ቤት ሳይገባ ራሱ አንብቦ ፈተናውን ያለፈ። ኦገስት 21 ቀን አምስት ወጣቶችን አዘጋጀ። ደህና ለብሰው፣ አንድ በአንድ ገቡ። የመጀመሪያው ካርድ ስጡኝ አለ፣ አይሆንም ተባለ፣ ከመደርደሪያው መጽሐፍ አንስቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠና ማንበብ ጀመረ። ሁለተኛው ገባ፣ ያው። ሦስተኛው፣ ያው። አምስቱም አምስት ጠረጴዛ ላይ ዝም ብለው እያነበቡ ፖሊስ ተጠራ። በማንበብ አይከሰስም መቼስ፣ ጸጥታ በማወክ ነው የከሰሷቸው! ዝም ብሎ የሚያነብን ሰው። ክሱ በይፋ የተሰረዘላቸው በ2019 ነው፣ አንቺ ተወልደሽ።

በዓመቱ ከተማው ለጥቁሮች ለብቻ ትንሽ ላይብረሪ ሠራ። ለታከርም የዚያኛውን ካርድ ሰጡት። አልፈልግም አለ፣ የጠየቅኩት የኩዊን ስትሪቱን ነው ብሎ። የላይብረሪው ስም ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ሮቢንሰን። አጋጣሚ ነው፣ ግን ሳነበው ደነገጥኩ።

ይሄን ሰው ለምን አላስተማሯችሁም ብዬ ልናደድ ፈለግኩ፣ ከዚያ ግን እኔስ? ቤታችን ከዚያ ላይብረሪ በመኪና አሥር ደቂቃ አይሞላም። 19 ዓመት እዚህ ከተማ ስኖር የላይብረሪ ካርድ አውጥቼ አላውቅም። የከለከለኝ ሰው ኖሮ አይደለም።

ቅዳሜ ሥራ አልገባም። ጠዋት ቁርስ በልተን እንሂድ። መታወቂያዬንና የመብራት ቢሉን እይዛለሁ፣ ቅጹን አንቺ ትሞዪልኛለሽ፣ የኔን የእንግሊዝኛ እጅ ጽሑፍ ታውቂዋለሽ። አንቺ ሌላ የምትፈልጊውን መጽሐፍ ምረጪ፣ እኔ ስለ ታከር የተጻፈ ካለ እጠይቃለሁ።

«ሞኪንግበርዱን» ጠረጴዛው ላይ መልሼዋለሁ። የፍርድ ቤቱ ምዕራፍ ላይ ቡና ደፍቼበታለሁ፣ ሦስት ገጽ ያህል ነው፣ ይነበባል። ለቲቸርሽ እኔ ነኝ የምነግራቸው፣ አንቺ እንዳትናገሪ።

ባባ