የቢሮ ትእዛዝና የቴሌግራም ወሬ ይለዩ

ለአዘጋጁ፦

ሠራተኛው በሥራ ሰዓት ከስልኩ አለመላቀቁን አስመልክቶ ያወጣችሁት ጽሑፍ ጥፋቱን በሙሉ በሠራተኛው ላይ መጣሉ አላሳመነኝም። እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ወር ሲዘጋ የባንክ ስቴትመንት ከመዝገብ ጋር ሳስታርቅ የመሥሪያ ቤታችን የቴሌግራም ግሩፕ በየደቂቃው ይጮኻል፤ ገሚሱ የልደት ምኞት፣ ገሚሱ የ«እሺ» ጋጋታ ሲሆን (አንድ ማስታወቂያ ስንት «እሺ» እንደሚያስከትል ያየ ያውቀዋል)፣ በመካከሉ ግን የአለቃ አስቸኳይ ትእዛዝ ተቀብሮ ስለሚገኝ ድምፁን ማጥፋት አይቻልም።

ሶፊ ለሮይ የተባሉት ተመራማሪ በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው የጀመረውን ሥራ ሳይቋጭ ወደ ሌላ ሲዞር ከሐሳቡ ከፊሉ በቀድሞው ላይ እንደሚቀር አሳይተዋል። እኔም መልእክቱን አይቼ ስመለስ የትኛው ቼክ ላይ እንደነበርኩ ይጠፋኝና ገጹን ከላይ እንደገና እጀምራለሁ።

ስለዚህ መሥሪያ ቤቶች ኃላፊዎች ብቻ የሚጽፉበት የትእዛዝ ቻናል ለብቻው ይክፈቱ፤ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓትም በግሩፕ ምንም እንዳይላክ ይወስኑ፤ በዚያ ሰዓት በእርግጥ የሚያስቸኩል ጉዳይ ከመጣ ስልክ ተደውሎ ይነገር።

አንድ የሂሳብ ሠራተኛ፣ ከአዲስ አበባ