ልጃችንን ላተረፉልን ሁሉ የቀረበ ምስጋና

የሰባት ዓመት ልጃችን ታሞ በነበረበት ጊዜ ከጎናችን ለቆማችሁ ሁሉ በራሴና በባለቤቴ ስም ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

የሕመሙ መነሻ እከክ ይዞት፣ ሲያከው ያመረቀዘ የእግር ቁስል ነበር። ቁስሉ ደርቆ፣ እኛም ከረሳነው ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ጠዋት ጠዋት ፊቱ፣ በተለይም የዓይኑ ዙሪያ፣ ያብጥ ጀመር። ዘመድ ሁሉ «ፊቱ ሞላ፣ አማረበት» ይለን ስለነበር ደስ ብሎን ሰነበትን። ሽንቱ እንደ ኮካ ኮላ ጠቁሮ ባየን ዕለት ግን ደንግጠን ወደ ጤና ጣቢያ ይዘነው ሮጥን።

ከሁሉ አስቀድሜ የማመሰግነው በዚያ ዕለት ተረኛ የነበሩትን የጤና መኮንን ነው። ሽንቱን አስመርምረው መድኃኒት ጽፈው ሊያሰናብቱን ይችሉ ነበር፤ እርሳቸው ግን «ባለፉት ሳምንታት ጉሮሮውን አሞት ወይም ቆዳው ቆስሎ ነበር?» ብለው ጠየቁን፤ የደም ግፊቱንም ለኩ። የሕፃን ልጅ ግፊት ሲለካ ያየሁት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ከፍ ብሎ በመገኘቱ በዚያው ቀን ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ላኩን፤ ሳይታወቅ ቢቆይ ኖሮ አንጎሉን ጎድቶ እስከ ማንቀጥቀጥ ሊያደርሰው ይችል እንደነበር የተረዳሁት ኋላ ነው።

የሕፃናት ክፍል ሐኪሞች፣ ሕመሙ ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ጉሮሮን ወይም ቆዳን ካጠቃ በኋላ የሚከተል የኩላሊት ብግነት መሆኑን አስረዱን። «ታዲያ ኩላሊቱን የሚያድን መርፌ ለምን አይወጋም?» እያልኩ ደጋግሜ ሳስቸግራቸው አንድም ቀን አልተቆጡኝም። ኩላሊቱን የጎዳው ባክቴሪያው ራሱ ሳይሆን፣ ሰውነቱ ሊከላከለው ያመረታቸው ፀረ እንግዳ አካላት ከባክቴሪያው ክፍሎች ጋር ተጣምረው በደም ማጣሪያዎቹ ላይ ያስነሡት ብግነት መሆኑን፣ አንቲባዮቲኩም የሚሰጠው የቀረ ባክቴሪያ ካለ ለማጥፋት እንጂ ኩላሊቱን ለማከም አለመሆኑን በትዕግሥት ነገሩኝ። ጨውና ፈሳሽ መጥነው፣ ሽንት የሚያሸና መድኃኒትና የግፊት መድኃኒት ሰጥተው ኩላሊቱ በራሱ እስኪያገግም ጠበቁለት። በየማለዳው ክብደቱን የመዘኑ፣ ሽንቱን የለኩ፣ ሌሊት ሳይቀር ግፊቱን የተከታተሉ ነርሶችንም ፈጽሞ አንረሳቸውም።

የግቢያችን እናቶች፣ ጨው የሌለው ሽሮ በየተራ ሠርታችሁ በማምጣት ብቻ ሳትወሰኑ፣ ልጁ ምግቡን እንዳይጠላ ከአንድ ትሪ አብራችሁት ስለበላችሁ ውለታችሁ ከፍ ያለ ነው።

ዛሬ እብጠቱ ጠፍቷል፤ ግፊቱ ተስተካክሏል፤ ሽንቱም ጠርቷል። በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታይ ጥቂት ደም ለወራት ሊቆይ እንደሚችል ተነግሮን ክትትላችንን ቀጥለናል። ለጤና መኮንኑ ግን ልጁ ራሱ እጅ ነሥቶ ሊያመሰግንዎ ስለሚፈልግ፣ ከሚቀጥለው ቀጠሮው ስንመለስ በጤና ጣቢያው በኩል ይዘነው እንመጣለን።